ከ144 አንድ ብቻ? የጦር ኃይሎች የዩፎ ምርመራ በተግባር እንዴት ይሠራል

አድማስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ዩፎ የሚጻፈው ግማሹ «መንግሥታት ደብቀውናል» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ሁሉም ፊኛ ነው» ብሎ ይገላገላል። እኔ የፈለግሁት የሥራውን ሂደት ነው። አንድ አብራሪ ወይም የራዳር ተቆጣጣሪ «ምን እንደሆነ አላወቅሁትም» ብሎ ሪፖርት ካደረገ በኋላ ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ምን ምን ይሠራል? በምን ቅደም ተከተል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቁጥሮቹ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የድሮ የዩፎ ምርመራ፣ ፕሮጀክት ብሉ ቡክ፣ ከ12,618 ሪፖርቶች «ያልታወቀ» ያላቸው 701ዱን ብቻ ነው፤ 5.6 በመቶ ገደማ። በጁን 2021 የወጣው የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ሪፖርት ግን ከ144 ጉዳዮች በእርግጠኝነት ፈታሁ ያለው አንዱን ብቻ ነው። መሣሪያው ተሻሽሎ ሳለ ውጤቱ እንዴት እንዲህ ተገለበጠ? (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ብትከተሉኝ ለአንባቢ ይቀላል።)

የራዳር ሰው

ወንድም አድማስ፣ ቁጥሩ የሚወጣው ከሥራው ስለሆነ ሥራውን ላስቀድም።

የመጀመሪያው እርምጃ አሰልቺ ነው፦ ሰዓቱንና ቦታውን ማጥራት። በጦር ኃይሎች ዘንድ ሰዓት የሚመዘገበው በዙሉ፣ ማለትም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ነገር ግን የዓይን እማኙ የእጅ ሰዓቱን፣ ራዳሩ የራሱን ሰዓት፣ የአውሮፕላኑ መቅጃ ደግሞ ሌላ ሰዓት ሊከተሉ ይችላሉ። ሦስቱን ሳያስታርቁ ወደ ትንተና መግባት ከንቱ ድካም ነው። በዝቅተኛ ምህዋር ያለ ሳተላይት በሰከንድ ወደ 7.5 ኪ.ሜ. ይጓዛል፤ የሁለት ደቂቃ ስሕተት 900 ኪ.ሜ. ያህል ወዲያ ያደርገዋል። መርማሪው ትክክለኛውን ሳተላይት አግኝቶ «በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም» ብሎ ይጥለዋል ማለት ነው። አቅጣጫም እንዲሁ ነው። አብራሪ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው በማግኔታዊ ሰሜን ሲሆን የሰማይ ሠንጠረዥ የሚሠራው በእውነተኛው ሰሜን ነው፤ ልዩነቱ በአንዳንድ አካባቢ ከ10 ዲግሪ ይበልጣል። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ ቬነስን ከዚያ በላይ ካሸሻት ማንም «ቬነስ ናት» ብሎ አይፈርምም።

ቀጥሎ የታወቀውን ሁሉ ማጣራት ነው፦ የበረራ ዕቅዶች፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላን ማንነቱን የሚያስተላልፍበት መሣሪያ) መዛግብት፣ በአካባቢው የነበረ የጦር ልምምድ፣ የሮኬት ማስወንጨፊያ መርሐ ግብር፣ የከዋክብትና የፕላኔቶች አቀማመጥ፣ የሳተላይት ምህዋር። የአየር ትንበያ ፊኛ ለብቻው ይታያል። በዓለም ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎች ለ00 እና ለ12 ሰዓት ዩቲሲ ምዘና በቀን ሁለት ጊዜ ይለቋቸዋል፤ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ እየወጡ ወደ 30 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ ይፈነዳሉ። ጥቅሙ ድርብ ነው፤ ፊኛው ራሱ ተጠርጣሪ ነው፣ የሚልከው የነፋስ መረጃ ደግሞ ሌላው ተጠርጣሪ ከነፋስ ጋር ሄዶ እንደሆነ ይመሰክራል።

ራዳር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጥሬው መረጃ ተቀምጧል ወይስ የተቀነባበረው ብቻ?» ብለህ ነው። የተቀነባበረው ብቻ ካለ፣ ሶፍትዌሩ ሁለት የተለያዩ ነጥቦችን እንደ አንድ አካል አያይዞ «በሰዓት 5,000 ኪ.ሜ. ሄደ» ሊልህ ይችላል። ሌላው ወጥመድ ዘግይቶ የሚመለስ ሞገድ ነው። ራዳሩ በሰከንድ 1,000 ፐልስ (አጭር የሞገድ ምት) ቢልክ፣ ርቀትን ያለ ጥርጥር የሚለካው እስከ 150 ኪ.ሜ. ነው። በ170 ኪ.ሜ. ያለ አካል የሚመልሰው ሞገድ የሚደርሰው ሁለተኛው ፐልስ ከተላከ በኋላ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ በ20 ኪ.ሜ. ይታያል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የፐልሱን ቁጥር ወደ 1,200 ስትቀይር ገደቡ 125 ኪ.ሜ. ይሆናል፤ ያ ነጥብ ከ20 ወደ 45 ኪ.ሜ. ከዘለለ ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው ከቦታው አይነቃነቅም። ችግሩ ይህ ፈተና የሚሠራው ነገሩ እየታየ ሳለ ብቻ መሆኑ ነው፤ በማግሥቱ አይደገምም።

የአየሩ ሁኔታም አለ። ከፍ ሲሉ መቀዝቀዝ የሚገባው አየር በተቃራኒው የሚሞቅበት ንብርብር ሲፈጠር የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይታጠፋል፤ ስክሪኑ ላይም የሌለ አካል ይታያል። በጁላይ 1952 በሁለት ተከታታይ ቅዳሜና እሑድ በዋሽንግተን ዲሲ ላይ ለታዩት ነጥቦች የአየር ኃይሉ የስለላ ኃላፊ ጄኔራል ሳምፎርድ በጋዜጣዊ መግለጫ የሰጡት ማብራሪያ ይኸው ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም፤ «እውነተኛ አካልና የአየር ጠባይ ለይተን እናውቃለን» ነበር ክርክራቸው። ከስክሪን ፊት የዋለ ሰው የሚለውን መናቅ አይገባም፤ ግን ያኔ የስክሪኑ ቅጂ ስላልነበረ ክርክሩ በማስረጃ የሚዘጋ አልሆነም።

ስለ እማኝ አጭር ነገር፦ ለየብቻ ይጠየቃሉ፣ ሳይነጋገሩ። መጀመሪያ ይሥሉ፣ ከዚያ ይናገሩ፣ ፎቶ የሚያዩት በመጨረሻ ነው። «ስንት ሜትር ነበር?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ሜትሩን ማወቅ አይችሉምና።

ሌንስ

የራዳር ሰው መጨረሻ ላይ ያለፋትን ላብራራ፤ የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ እሷ ላይ ነው። ዓይንም ካሜራም የሚለኩት ማዕዘን ነው፤ ርቀት አይለኩም። አንድ ዲግሪ የሚሸፍን ነገር 100 ሜትር ላይ ከሆነ 1.75 ሜትር ስፋት አለው፤ 10 ኪ.ሜ. ላይ ከሆነ 175 ሜትር። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። በ200 ሜትር ርቀት በሰከንድ 10 ሜትር የምትሄድ ድሮን በሰከንድ 2.9 ዲግሪ ታቋርጣለች፤ በ10 ኪ.ሜ. ርቀት በሰከንድ 250 ሜትር የሚበር ጄት የሚያቋርጠው 1.4 ዲግሪ ነው። ያለ ርቀት ከተመለከትካቸው ድሮኗ ከጄቱ እጥፍ የፈጠነች ትመስላለች።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2015 ከባሕር ኃይል አውሮፕላን የተቀረጸው፣ «ጎፋስት» የሚባለው የኢንፍራሬድ (ሙቀት የሚያይ ካሜራ) ቪዲዮ ነው (ፔንታጎን ከሌሎች ሁለት ጋር በይፋ የለቀቀው በኤፕሪል 2020)። ነገሩ ከባሕሩ ወለል በላይ እየተምዘገዘገ የሚሄድ ይመስላል። ቁጥሮቹ ግን ስክሪኑ ላይ ተጽፈዋል፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፦

የአውሮፕላኑ ከፍታ 25,000 ጫማ፣ ማለትም 7.62 ኪ.ሜ.። ካሜራው ከአግድም በታች 26 ዲግሪ ያዘቀዘቀ። ርቀት 4.4 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 8.15 ኪ.ሜ.። የ26 ዲግሪ ሳይን 0.438 ነው። 8.15ን በ0.438 ስታባዛ 3.57 ኪ.ሜ.፤ ይህን ከ7.62 ስትቀንስ 4.05 ኪ.ሜ. ይቀርሃል፤ 13,000 ጫማ ገደማ።

ስለዚህ ነገሩ የነበረው አየር ላይ፣ ከባሕሩ አራት ኪ.ሜ. ከፍ ብሎ ነው። ከኋላው ያለው ባሕር ወደ ኋላ የሚሸሸው አውሮፕላኑ ራሱ በፍጥነት ስለሚበር ነው፤ ፓራላክስ የሚባለው ይህ ነው። በመስኮት አጠገብ ያለ ዛፍ ከሩቁ ተራራ አንጻር እንደሚሮጥ ማለት ነው። የናሳ ገለልተኛ ቡድን በሴፕቴምበር 2023 ባወጣው ሪፖርት በ22 ሰከንድ ውስጥ 390 ሜትር ያህል እንደተጓዘ አስልቷል፤ በሰዓት 64 ኪ.ሜ. መሆኑ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ነፋስ ብቻውን ያንን ያህል ሊገፋ ይችላል።

ልብ አድርጉ፤ ስሌቱ ነገሩ ምን እንደሆነ አልነገረንም። «እጅግ ፈጣን» የሚለውን ብቻ ነው የሰረዘው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል፣ በሁለቱም ወገን።

ካሜራው ራሱ የሚፈጥረው ቅርጽም አለ። በ2019 ከባሕር ኃይል መርከብ ላይ በሌሊት ማያ የተቀረጹት «በራሪ ፒራሚዶች» ለጊዜው ብዙ አስጨንቀው ነበር። በሜይ 2022 በኮንግረስ ፊት እንደተብራራው ሦስት ማዕዘኑ የመጣው ብርሃኑ በሌሊት ማያው አልፎ በካሜራ ሲቀረጽ ነው። የመጀመሪያው ፍተሻ ሁልጊዜ ይህ ይሁን፦ በዚያው ቪዲዮ ውስጥ ያሉ ከዋክብትም ሦስት ማዕዘን ከሆኑ ቅርጹ የመሣሪያው ነው።

መዝገብ አገላባጭ

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። አድማስ ያነጻጸርካቸው ሁለቱ ቁጥሮች በተለያየ ሚዛን የተመዘኑ ናቸው።

የብሉ ቡክ ፋይል ሁሉ ፊት ለፊቱ አንድ ካርድ አለው፤ «ፕሮጀክት 10073» የሚል ርዕስ ያለው። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ ከመሬት በዓይን ነው ወይስ በራዳር፣ ከአየር ነው ወይስ አይደለም፣ የቆየበት ጊዜ፣ የአካላቱ ብዛት፣ አቅጣጫ። ከዚያ «መደምደሚያ» የሚል ሳጥን ይመጣል፦ «ፊኛ ነበር»፣ «ፊኛ ሳይሆን አይቀርም»፣ «ፊኛ ሊሆን ይችላል»፤ ለአውሮፕላን ሦስት፣ ለሰማይ አካላት ሦስት፤ ከሥር «በቂ መረጃ የለም» እና «ያልታወቀ»። ዓመታዊው ስታቲስቲክስ ሲወጣ ግን «ነበር» እና «ሊሆን ይችላል» በአንድ ጆንያ ገቡ። የፕሮጀክቱ አማካሪ የነበሩት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አለን ሃይኔክ በኋላ አጥብቀው የነቀፉት ይህንኑ ነው፤ «ሊሆን ይችላል» መንገድ ላይ ወድቆ «ነው» ሆኖ ይገባል። «በቂ መረጃ የለም» የተባሉትም ከ701ዱ ውጭ ናቸው።

የ2021ዱ ሪፖርት ተቃራኒውን አደረገ፤ «በከፍተኛ እርግጠኝነት» ካልሆነ ተፈቷል አይልም። በዚያ ሚዛን ያለፈው አየር የወጣለት ትልቅ ፊኛ ብቻ ነው። የተቀሩት 143 እንቆቅልሽ ናቸው ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ለመደምደም የሚበቃ መረጃ አልነበራቸውም።

ኃላፊነቱን በ2022 የተረከበው የፔንታጎን ቢሮ፣ በምሕጻሩ አሮ፣ በኖቬምበር 2024 ያወጣው ዓመታዊ ሪፖርት የተሻለ ግልጽ ነው። ከ757 ሪፖርቶች 292ቱ ተዘግተዋል ወይም ለመዝጋት ተራ ይጠብቃሉ፤ ፊኛ፣ ወፍ፣ ድሮን፣ ሳተላይት፣ አውሮፕላን። 444ቱ በመረጃ እጥረት መዝገብ ቤት ገቡ፤ አዲስ ነገር ከመጣ ይከፈታሉ። ተጨማሪ ትንተና ይገባቸዋል የተባሉት 21 ናቸው። «ያልታወቀ» የሚለውን ቃል ስታነብ ከ444ቱ ነው ወይስ ከ21ዱ ብለህ ጠይቅ።

ፈረንሳዮች ይህን ልዩነት ቀደም ብለው በፊደል አስቀምጠውታል። ከ1977 ጀምሮ በብሔራዊ የጠፈር ማዕከላቸው ሥር፣ ቱሉዝ የሚሠራው ቡድን (ዛሬ ዤፓን የሚባለው) ሪፖርቱን በአብዛኛው የሚቀበለው በዣንዳርመሪ (በፈረንሳይ ወታደራዊ ፖሊስ) በኩል ነው፤ ውጤቱን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይለዋል። ኤ በእርግጥ ታውቋል፤ ቢ ሳይሆን አይቀርም፤ ሲ መረጃው አይበቃም፤ ዲ መረጃው በቅቶም አልተፈታም። ሲ እና ዲን ለይቶ ማስቀመጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የብዙ አገር ጦር ግን አልለየውም።

አድማስ

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። «ችግሩ የመረጃ እጥረት ነው» ካልን፣ መረጃው ጥሩ በሆነ ቁጥር ያልታወቀው መቀነስ አለበት። ይህ ተፈትሾ ያውቃል?

መዝገብ አገላባጭ

ተፈትሿል፤ ውጤቱም ለእኔ ክርክር አይመችም፤ ቢሆንም ልናገረው። የአየር ኃይሉ ባተል ለተባለ የምርምር ተቋም 3,201 ሪፖርቶችን ሰጥቶ በስታቲስቲክስ አስመርምሯል፤ «ልዩ ሪፖርት ቁጥር 14» ተብሎ በ1955 ወጣ። ሪፖርቶቹን በጥራት «እጅግ ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «አጠራጣሪ» እና «ደካማ» ብለው ከፋፈሉ። «ያልታወቀ» የተባለው ድርሻ የበዛው እጅግ ጥሩ በሆኑት ውስጥ ነው። «ዩፎ አለ» የሚሉት ይህን ሠንጠረዥ ከእጃቸው አይለዩትም።

እኔ የምጠነቀቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ጥራት ሲሰጥ የታየው በአብዛኛው የእማኙ ተአማኒነትና የታሪኩ ወጥነት ነው፤ ሌንስ የሚለው የርቀት ልኬት አይደለም። የሠለጠነ አብራሪ ርቀቱን በማያውቀው ብርሃን እንደማንም ይሳሳታል። ሁለተኛ፣ ደካማ ሪፖርት በቀላሉ «በቂ መረጃ የለም» ወደሚለው ስለሚገፋ «ያልታወቀ» ለመባል እንኳ አይደርስም። ያም ሆኖ ሠንጠረዡ ሙሉ በሙሉ አይተንም፤ ሐቀኛ ሰው ያነሣዋል።

ንጋት

የወንድሞቼን ትንተና አደንቃለሁ፤ ግን ሁላችሁም አንድ ትልቅ ምክንያት ዘላችኋል፦ መርማሪው ራሱ የማያውቀው የገዛ አገሩ ምሥጢር።

ጃንዋሪ 7 ቀን 1948 የአሜሪካው አብራሪ ካፒቴን ማንቴል በኬንታኪ ሰማይ ላይ አንድ ነገር ተከትሎ በኤፍ-51 ተዋጊ አውሮፕላን ወጣ። ኦክስጅን አልያዘም፤ ከ20,000 ጫማ በላይ ሲወጣ ራሱን ስቶ ተከስክሶ ሞተ። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ያሉት «ቬነስን ነው የተከተለው» ነበር። ቬነስ ግን በቀን ብርሃን እምብዛም አትታይም፤ ማብራሪያው ማንንም አላሳመነም። በኋላ የተገመተው ስካይሁክ የተባለ ግዙፍ የባሕር ኃይል ፊኛ ነው፤ ያኔ ምሥጢር ስለነበር በቦታው የነበሩት አያውቁትም። በ1947 በአሜሪካ ሮዝዌል ከተማ አቅራቢያ የተገኘው ስብርባሪም እንዲሁ፤ የአየር ኃይሉ በ1994 ሞገል ከተባለው ምሥጢራዊ የፊኛ ፕሮጀክት ጋር አያይዞታል፤ የሶቭየትን የኑክሌር ሙከራ ድምፅ ለማድመጥ የተሠራ ነበር።

በሶቭየት በኩልም ያው ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 ንጋት ላይ በፔትሮዛቮድስክ ሰማይ የታየው ባለ ጨረር ብርሃን አገሩን አነጋገረ፤ በዚያው ሰዓት ከፕሌሴትስክ የሮኬት ማስወንጨፊያ ጣቢያ ኮስሞስ-955 ሳተላይት ተወንጭፎ ነበር። ፕሌሴትስክ በይፋ የሌለ ቦታ ስለነበር ማን ይናገር? ይህ ክስተት በ1978 ለተጀመረው «ሴትካ» ምርመራ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። አንዱ ክንፍ በሳይንስ አካዳሚ፣ ሌላው በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ እስከ 1990 ሠራ፤ ከተፈቱት አብዛኞቹ የሮኬት ማስወንጨፍና ፊኛ ሆነው ተገኙ።

ሮኬት መሆኑን ለመለየት የምመክረው ይህን ነው፦ ንጋት ወይም ምሽት ከሆነ፣ መሬት ላይ ጨለማ ሆኖ ከፍ ብሎ ፀሐይ ካለ፣ ብርሃኑ እየሰፋ የሚሄድ ደመና ወይም ጠመዝማዛ ከሆነ፣ በመቶዎች ኪ.ሜ. ተራርቀው ያሉ ሰዎች በአንድ ሰዓት ካዩት። አራቱ ከተገጣጠሙ ሌላ አትፈልጉ።

የራዳር ሰው

ንጋት እህቴ ልክ ነሽ፤ አልፌው ነበር። የተገላቢጦሹንም ልጨምር፦ ሪፖርት ሲበዛ ሰማዩ የተለወጠ ይመስላል፤ የተለወጠው ግን ማጣሪያው ሊሆን ይችላል። ራዳር ወፍና ደመና እንዳያጨናንቁት ዝግተኛና ትንንሽ ነገሮችን ይጥላል። የቻይናው ፊኛ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 ከሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ወዲያ ከተመታ በኋላ፣ የሰሜን አሜሪካ የአየር መከላከያ እዝ ይህን ማጣሪያ አላላው። ከዚያ በ10፣ በ11 እና በ12 በአላስካ፣ በዩኮን እና በሂዩሮን ሐይቅ ላይ ሦስት ነገሮች ተመትተው ወደቁ። ከሳምንት በፊት ቢያልፉ ስክሪኑ ላይ ላይታዩ ይችሉ ነበር።

አድማስ

የመጨረሻ ጥያቄ፤ አታሰልቸን አትበሉኝ። አንድ የተዘጋ ፋይል እጄ ቢገባ ምርመራው በደንብ መሠራቱን ከየት አያለሁ?

መዝገብ አገላባጭ

የብሉ ቡክ ፋይሎች በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ቤት በ94 ጥቅል ማይክሮፊልም፣ ቲ1206 በሚል ቁጥር ይገኛሉ፤ የእማኞች ስም ተሰርዟል። ካርዱን በመጨረሻ አንብበው። መጀመሪያ የቴሌታይፑን (የጽሑፍ መልእክት መላኪያ ማሽኑን) መልእክት አንብብና የራስህን ግምት ጻፍ፤ አለዚያ መደምደሚያው ዓይንህን ይመራዋል። ቀጥሎ ሰዓቱን አመሳክር፦ በቴሌታይፑ ያለው ዙሉ እና በካርዱ ያለው የአካባቢ ሰዓት ይገጥማሉ? ቀኑ በእኩለ ሌሊት ምክንያት አልዘለለም?

ለምን ይህን አጠበቅህ ካልከኝ፣ በእንግሊዝ የሬንድልሻም ጉዳይ አለልህ። በዲሴምበር 1980 መጨረሻ የአሜሪካ አየር ኃይል ወታደሮች ጫካ ውስጥ ብርሃን አየን አሉ። ምክትል አዛዡ ማስታወሻውን የጻፉት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው፣ በጃንዋሪ 13 ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ቀን በአንድ አዛብተው 27 አሉት፤ 26 ነበር። የእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር የራዳር መዝገብ ሲያስፈትሽ በተሳሳተው ቀን አስፈተሸ። በ26 ከሌሊቱ 9 ሰዓት (በፈረንጆች 3 ሰዓት) ገደማ በደቡብ እንግሊዝ የታየ ደማቅ ተወርዋሪ ኮከብ ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት በተቀረጸው ድምፅ ላይ ደግሞ ብርሃኑ በአምስት ሰከንድ ልዩነት ብልጭ እንደሚል ይሰማል፤ ከጫካው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ይገኝ የነበረው የኦርፎርድ ነስ የመርከብ መብራት ማማ የሚበራውም በየአምስት ሰከንዱ ነበር።